የስፓኒሽ ማኅበራችንና የአንገቴ ነገር

ማርች 5፣ ማክሰኞ

ዝናብ። የዳኑብ ወንዝ ሞልቷል። ከሰዓት በኋላ ማኅበር ሄድኩ።

እንደ ወትሮው በጭቅጭቅ ተጀመረ። ሊቀመንበራችን አቶ ስታመን በወጣትነታቸው ኩባ ስኳር ፋብሪካ ሲተክሉ ስለኖሩ አውቶቡስን «ጉዋጉዋ» ነው የሚሉት። ዝድራቭካ ደግሞ ቫሌንሲያ አሮጊት ስትጦር ዕድሜዋን ፈጅታ የተመለሰች ናት። እሷ ዘንድ አውቶቡስ አውቶቡስ ነው። «ጋሼ፣ ስፔን ሄደው ጉዋጉዋ የት ነው ቢሉ ውሻ የጠፋብዎት ነው የሚመስላቸው» አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ጭራሽ አልሳቁም። እኔ ሁለቱንም ጻፍኩ፤ ከማን ጋር እጣላለሁ?

ሌሎቹ ለዘፈኑ፣ ለወይኑ፣ ከቤት ለመውጣት ብለው ነው የሚመጡት። እኔ ግን ለአልባ ነው። የልጅ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከልጄ ከቬሰላና ከስፔናዊው ባሏ ጋር ስፔን፣ ኦቪዬዶ ነው የምትኖረው፣ በቡልጋርኛ የምታውቀው «ደህና እደሪ» ብቻ። የገዛ ልጄን ልጅ በአስተርጓሚ ላናግር? ሞቼ ነው!

ማታ ደወልኩ። ቬሰላ እንደ ልማዷ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁማልን እራት ልትሠራ ሄደች። አልባ የላክሁላትን፣ እኛ ማርች ሲገባ ለመልካም ዕድል የምናስረውን ቀይና ነጭ ክር እጇ ላይ አስራ አሳየችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ... «አቡኤላ፣ ትምህርት ሲዘጋ ቤትሽ እንድመጣ ትፈልጊያለሽ?» አቡኤላ አያቴ ማለቷ ነው። እያንዳንዱ ቃል ገባኝ! ግን ደስታው ምላሴን አሰረው፣ የተማርኩት ሁሉ ጠፋ። በአፌ ቢያቅተኝ በራሴ መለስኩላት፣ ደጋግሜ፣ አንገቴ እስኪያመኝ። «እሺ» ብላ ወደ እናቷ ሮጠች። ከትምህርት ቤት ደክሟት ይሆናል።

ማርች 10፣ እሑድ

አልባ አልመጣችም። «ሥዕል እየሳለች ነው እማዬ» አለች ቬሰላ። ጥሩ። ልጅ ይሳል።

ማርች 12፣ ማክሰኞ

በኤፕሪል 23 የስፓኒሽ ቋንቋ ምሽት እናዘጋጃለን። ማሪቤል የምትባል መምህርት ከስፔን በእንግድነት ትመጣለች። የእንኳን ደህና መጡ ንግግሩን ማን ያንብብ ተባለ። አቶ ስታመን ካነበቡ ዝድራቭካ ታኮርፋለች፣ ዝድራቭካ ካነበበች አቶ ስታመን ስብሰባ ረግጠው ይወጣሉ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። «ዶንካ ከኩባም ከቫሌንሲያም አይደለችም» አሉ። የፋርማሲ ሰው ነኝ እኮ፣ ዕድሜ ልኬን ያነበብኩት የመድኃኒት ማዘዣ ነው... እምቢ ማለት አቃተኝ።

ማርች 17፣ እሑድ

ዛሬ አልባ ብቅ አለች። ፀጉሯን አሳጥረውባታል። ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ በጣም ቀስ ብላ፣ እናቷ እንዳትሰማ ይመስል፣ «አቡኤላ፣ አስቸግርሻለሁ?» አለችኝ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ምን ማለቷ ነው? የኔ እናት፣ አንቺ እኔን? ቃሉን ስፈልግ ስፈልግ... ኋላ ዝም ካልኩ ይብሳል ብዬ ቶሎ በራሴ መለስኩ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ስልኩ ላይ የቀረው ባዶው ወንበር ነው።

ምን አጠፋሁ?

ማርች 19

ማኅበር ሄድኩ ግን አልሰማሁም። ደብተሬን ሳልከፍት ተመለስኩ።

ማርች 24፣ እሑድ

ቬሰላ ዳር ዳሩን ስትዞር ቆይታ ነገረችኝ። ትምህርት ሲዘጋ ወደዚህ፣ ወደ ቪዲን ላይመጡ ይችላሉ። አልባ ከባሕሩ አጠገብ ካለችው ከአባቷ እናት ጋር መሆን ይሻለኛል ብላለች። «ልጅ ናት እማዬ፣ አትቀየሚያት። ዛሬ ያለችውን ነገ ትረሳለች።»

አልተቀየምኩም አልኳት። ዋሸሁ። ባለፈው ዓመት አልመጡም፣ ካቻምናም በበሽታዬ ምክንያት አልመጡም። ዘንድሮ ካልመጣች ከእንግዲህ አትመጣም። አውቀዋለሁ። ልጅ የለመደውን ነው የሚወደው፤ ባሕሩ አጠገብ ያለችውን አያት ትለምዳለች፣ እኔ የስልክ ውስጥ አሮጊት ሆኜ እቀራለሁ።

ማርች 27

ጥርሴ ይሆን? ሰው ሠራሹ ስናገር ይንቀሳቀሳል፣ ልጅ ያስፈራል። ወይስ የሠራሁላት ሹራብ ጠበባት? ወይስ አነጋገሬ? መስታወት ፊት ተቀምጬ በስፓኒሽ አወራሁ። እኔም ራሴን ፈራሁት።

ኤፕሪል 2፣ ማክሰኞ

ለዝድራቭካ አወጣሁላት። ለአልባ ያልኳትን ቃል ሁሉ፣ ምርቃቱን፣ ቁልምጫውን፣ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ምናልባት አንዱ ስፔን ውስጥ ስድብ ከሆነ ብዬ። አቶ ስታመን ሰምተው መጡ። ከዚያማ እኔ ተረሳሁ። «ጣፋጬ» የሚባለው በዚህ ቃል ነው፣ የለም በዚያ ነው... ኩባ ለብቻ፣ ቫሌንሲያ ለብቻ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔም ለነዚህ ሁለት ሰዎች ጉዳዬን አቀረብኩ።

መጨረሻ ላይ ዝድራቭካ እጄን ያዘች። «ቃልሽ ምንም የለበትም ዶንኬ። ሌላ ነገር ነው» አለች። ሌላ ነገር... እሱማ ነው ያስጨነቀኝ። ቃል ቢሆን ይታረም ነበር።

ኤፕሪል 14፣ እሑድ

ደወልኩ። «ተኝታለች» አለች ቬሰላ። ከበስተኋላዋ አልባ ስትዘፍን ይሰማኛል።

ኤፕሪል 23፣ ማክሰኞ

ሁሉንም ልጻፈው፣ አለዚያ ነገ ሕልም ነው እላለሁ።

አዳራሹ ሞላ። ዝድራቭካ በድንችና በእንቁላል የስፔኑን ቂጣ ጋግራ፣ አቶ ስታመን ነጭ ሱፋቸውን ለብሰው። እንግዳዋ ማሪቤል ወጣት ናት፣ ሳቂታ። ንግግሬን ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ያንኑ መስመር ደጋግሜ አነብባለሁ። መጣችና በቀስታ «ፈራ ፈራ ብለዋል። ማንበቡን እርስዎ ይፈልጋሉ?» አለችኝ። በራሴ መለስኩላት። እሷም ትከሻዬን ዳበስ አድርጋ «ምንም አይደል፣ አይጨነቁ» ብላ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ለዝድራቭካ ሰጠቻት!

ደርቄ ቀረሁ። ዝድራቭካ ወጥታ አነበበች፣ ሰው አጨበጨበ። አቶ ስታመን በንዴት ቀልተዋል። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ይቺም? አልባም፣ ይቺም? ስፔን በሙሉ ጠልቶኛል?

ዝግጅቱ ሲያልቅ ድፍረት ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሄጄ ለምን ቀማሽኝ አልኳት። ደነገጠች። «እኔ? እርስዎ እኮ አልፈልግም አሉኝ።»

«መቼ? እፈልጋለሁ ነው ያልኩሽ።»

«ወይዘሮ ዶንካ፣ ራስዎን እንዲህ አደረጉ» ብላ ግራና ቀኝ ወዘወዘችልኝ።

«እንዲህ ማለት አዎ ነዋ!»

አቶ ስታመን ቂጣውን እንደጎረሱ ትን አላቸው። ሳል ይሁን ሳቅ አልለየለትም። እኛ ቡልጋሮች አዎ ስንል ራሳችንን ግራና ቀኝ እንወዘውዛለን፣ አይ ስንል ወደ ላይ ቀና እናደርጋለን። ለካ በሌላው ዓለም ተገላቢጦሽ ነው፣ ግራና ቀኙ እምቢ ነው፣ ላይና ታቹ እሺ! እሳቸው ኩባ በገቡበት ወር የምግብ ቤቷ ሴትዮ «ልጨምርልህ?» ባለቻቸው ቁጥር በደስታ እየወዘወዙ ጦማቸውን ያድሩ ነበር። ኩባዎች ንፉግ ናቸው ብለው ለእናታቸው ጽፈዋል። ዝድራቭካም «እኔ አንገቴን ካስተማርኩት ስንት ዘመኔ! እዚህ ስመለስ ደግሞ እንደገና አስረሳሁት» አለች።

እና ለምን አልነገራችሁኝም? ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ አውቶቡስ ስትጣሉ?

«የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለንም» አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አንገትም እንደዚያው።

እነሱ ሲስቁ አብሬ ሳቅኩ። ካፖርቴን ሳነሳ ነው የመጣብኝ። ቤትሽ እንድመጣ ትፈልጊያለሽ? ብላኝ ነበር። አንገቴ እስኪያመኝ ወዘወዝኩላት። አስቸግርሻለሁ? ስትለኝ ደግሞ ቀና አደረግኩ... ያቺ ሕፃን አልፈልግሽም፣ አዎ ታስቸግሪኛለሽ ስላት ነው ያየችው። እየሳቅኩላት! ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ አለቀስኩ። ዝድራቭካ ምንም ሳትጠይቅ አጠገቤ ተቀመጠች።

ኤፕሪል 24

ለቬሰላ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሄዳ ልጅቷን ጠየቀች። ስትመለስ ድምፅዋ ተለውጧል። «አያቴ አትፈልገኝም፣ ራሷ ነግራኛለች አለችኝ። ሁለቱም ጊዜ የሆነው አንቺ እንዳልሽው ነው። እኔ እኮ እዚያው ነው ያደግኩት እማዬ። እንዴት አላሰብኩትም?»

አስረጂያት አልኳት። አስረድታታለች። ግን አልባ አላመነችም። «እኔ እንዳላዝን ፈጥራችሁ ነው፣ እንደዚህ የሚያደርግ ሰው የለም» ብላለች። ስልክ ላይ አልመጣም አለች።

ልጅ አይታለልም፣ እውነቱንም ቢሆን አይቀበልም። አሁንስ ምን ቀረኝ?

ኤፕሪል 30፣ ማክሰኞ

ሐሳቡ የአቶ ስታመን ነው። ክብሩን ልስጣቸው።

ቬሰላ አልባን እንደምንም አባብላ ስልኩ ፊት አስቀመጠቻት። እናቷ ጭን ላይ፣ አኩርፋ፣ አንገቷን ደፍታ። እኔ ስልኬን ማኅበሩ ቤት መደርደሪያ ላይ አቆምኩና ዞር አልኩላት። ከኋላዬ መላው ማኅበር፣ መነጽሩ፣ ከዘራው፣ ኮፍያው፣ ተደርድሮ ቆሟል። አቶ ስታመን በኩባኛቸው «እመቤት አልባ፣ የፈለጉትን ይጠይቁን» አሉ። እመቤት መባሏ ሳይገርማት አልቀረም። ቀና አለች።

አሰበች። «ዝሆን ይበራል?»

ሁሉም በአንድ ላይ ራሱን ወደ ላይ አነሳ፣ ምላሱንም ጠቅ አደረገ። እንኳን ሕፃን፣ እኔም ደነገጥኩ።

«በረዶ ይቀዘቅዛል?»

ሁሉም ግራና ቀኝ ወዘወዘ። የዝድራቭካ የጆሮ ጌጥ ተወዛወዘ፣ የአንዱ መነጽር ወደቀ። የአልባ አፍ ተከፈተ። ወደ እናቷ ዞራ አየች። ቬሰላ ወደ ስልኩ ጠቆመቻት፣ ብልህ ልጅ ናት። አልባ እንደገና ጠየቀች፣ እንደገና... ድመት ወተት ትጠጣለች? እናንተ ጭራ አላችሁ? መምህሬ ዓሣ ነው? ማኅበሩ ሳይሰለች፣ ሳይስቅ፣ እንደ ቃለ መሐላ መለሰላት። እኔ አልተነቃነቅኩም። ራሴን ማመን አልቻልኩም፣ አገጬን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እኔን ሳይሆን እነሱን ነው የጠየቀችው።

«አቡኤላዬ እኔን ትፈልገኛለች?»

ክፍሉ በሙሉ ወዘወዘ። አቶ ስታመን በዚያ ዕድሜያቸው አንገታቸው እንዳይነቀል ፈራሁላቸው። እኔ ግን በአፌ፣ በስፓኒሽ፣ ከማንም ኩባኛና ቫሌንሲያኛ ሳልጠይቅ፣ «አዎ። በጣም። ሁልጊዜ» አልኩ። ቃሉ አልጠፋኝም።

አልባ ቀስ ብላ ራሷን ግራና ቀኝ አድርጋ ሞከረችው። ሳቀች። እኔ ስልኩን ለዝድራቭካ ሰጥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

ሜይ 19፣ እሑድ

ቲኬት ቆርጠዋል። አልባ ብቻዋን ከእኔ ጋር ትቀራለች፣ ቬሰላ አድርሳት ትመለሳለች። አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። ምን ትበላለች? ሾርባችንን እምቢ ብትልስ? ዳኑብ ዳር ብትሮጥስ?

ጁላይ 14፣ እሑድ

ሾርባውን እምቢ አለች። እርጎ ግን አቅርቤ አልቻልኩላትም፣ በሳህን እየቀረበ ያልቃል። ከጎረቤት ልጆች ጋር በቡልጋርኛ ትሳደባለች፣ ከየት እንደምትለቅመው እንጃ። ማክሰኞ ማክሰኞ ማኅበር አብራኝ ትመጣለች፣ የአቶ ስታመንን አነጋገር ታርማለች። እሳቸውም ከዝድራቭካ የማይቀበሉትን ከሷ ይቀበላሉ።

ዛሬ ቬሰላ ደወለች። ልጇን ስታይ ዓይኗ አብረቀረቀ። ትንሽ አወሩ። ከዚያ «ናፈቅሽኝ እኮ። በቃ፣ መጥቼ ልውሰድሽ?» አለቻት።

አልባ አፏን ሞልታ እየበላች ነበር። ምንም አልተናገረችም። ራሷን ወደ ላይ አነሳች፣ ምላሷንም ጠቅ አደረገች። እንደኛ።

ቬሰላ ሳቀች፣ ፊቷን ወደ ጎን አዞረች። ልጄ ቅር ሳይላት አልቀረም፤ እናት ናት፣ ይገባኛል። እኔ ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ... ለማንም አልናገረውም። ክፉ ነኝ?

በኦገስት መጨረሻ ትሄዳለች። ምን ልሆን ነው?