የታሰረው አገጭ

ውድ ሞንጂ፣

ስልኬን አታነሳም፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወንድምህ ኸሚስ እህትህ ደሊላ ቤት፣ ዛርዚስ ድረስ ያመጣልሃል። ከሄድክ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሳህን አጥባለሁ፣ የታጠበውን መልሼ አጥባለሁ። በረንዳ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። እናትህ "አንቺ ልጅ፣ ራሴን አዞርሽው፣ ተቀመጪ እንጂ" ትለኛለች፤ እሷም ግን አርፋ ቁጭ ብላ አታውቅም።

ያን ጥቁር ማሰሪያ ከፋርማሲ ይዘህ የመጣህበትን ቀን ታስታውሳለህ? ማንኮራፋትህ ግድግዳ አልፎ ጎረቤታችንን ቤያን ይቀሰቅሳት ነበርና በየጠዋቱ "ሞንጂ ዛሬም መኪናውን ሳያጠፋ አደረ?" እያለች ስትቀልድብን ከርማለች። አንተም ማሰሪያውን ከአገጭህ ሥር አዙረህ አናትህ ላይ አጣበቅኸውና መስታወት ፊት ቆመህ "ጥርሱን ያመመው ሕፃን መሰልኩ?" አልከኝ። ሳቅን። አፍህ ተዘጋ፣ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ቤያም እፎይ አለች።

ድካምህ ግን አልቀነሰም። ጠዋት ራስህን ይዘህ ትነሳለህ። ኩስኩስ እየበላህ ማንኪያው እጅህ ላይ እንዳለ ታንቀላፋለህ። "የመንገድ ድካም ነው" ስትለኝ፣ ከስፋክስ ጋቤስ ታክሲ ይዞ መመላለስ ማንንም ያደክማል ብዬ አምኜህ ነበር።

ከዚያ ያ ዓርብ መጣ። ከምሳ በኋላ ማሰሪያህን አድርገህ ጋደም እንዳልክ እናትህ ሻይ ይዛልህ ገባች። አንተ በጀርባህ ተንጋለሃል፣ አገጭህ ታስሯል፣ ከአፍንጫህ ምንም አይሰማም። ትሪው ከእጇ ወደቀ። ጩኸቷን ሰምተው የግቢው ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ሲገቡ፣ አንተ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር እየጎተትክ ብድግ አልክ። ቤያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አንተማ ከሁሉም በላይ ሳቅክ። እናትህ ብቻ አልሳቀችም።

"አባትህ ሲሞት አገጩን ያሰርኩት በዚህ እጄ ነው" አለችህ። "የማየውን አውቃለሁ። ትንፋሽ አልነበረህም ልጄ።"

በማግስቱ ስትተኛ አጠገብህ ተቀምጬ አየሁህ። ሆድህ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም፣ አይወጣም። ቆይቶ ቆይቶ በድንገት ትስበውና መልሰህ ዝም ትላለህ። ድሮ ማንኮራፋትህ ቀጥ ብሎ እንደገና ሲነሳ ብንሰማም አላስተዋልነውም። ማሰሪያው ድምፁን ወሰደልን እንጂ ሕመሙን አልነካውም።

ሄደን ያማከርናት ዶክተርም ያለችን ይህንኑ ነው። ማሰሪያው አፍ ይዘጋል እንጂ እንቅልፍ ላይ የሚደፈነውን ጉሮሮህን አይከፍትልህም፤ ሆስፒታል አድረህ እስክትመረመርና እስክትታከም መሪ እንዳትነካ አለችህ። ደረጃውን ስንወርድ "እሷ በእስክሪብቶዋ ትበላለች፣ እኔ በመሪዬ" አልከኝ። በነጋታው ነዳህ።

መንገድ ላይ፣ ማህረስ ከተማ አጠገብ የሆነውን "ድመት ገባብኝ" ብለህ አለፍከው። ድመት አልነበረም፤ እንቅልፍ ጥሎህ ነው። አጠገብህ ተሳፍሮ የነበረው መምህር ደርሶ መሪውን ባይጠመዝዘው ኖሮ ታክሲውን የወይራ ዛፎቹ ውስጥ ነበር የምናገኘው። ከኋላ ሕፃን ያቀፈች ሴት ተሳፍራ ነበር። መምህሩ ይህን መናኸሪያ ላይ ለኸሚስ ነገረው፣ ኸሚስ መጥቶ እኔን ጠየቀኝ፣ እኔም ዶክተሯ ያለችውን ሳላስቀር ነገርኩት። መኪናው የሁለታችሁ ነውና ቁልፉን ወሰደ። አንተ ቦርሳህን አንስተህ "ሸጥሽኝ" ብለኸኝ ወጣህ።

አልሸጥኩህም ሞንጂ። ዛሬም ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ። መናኸሪያ ስትገባ "ሞንጂ መጣ" ሲሉህ ትከሻህ እንዴት እንደሚሰፋ አይቻለሁ፤ ምን እንዳጣህ አይጠፋኝም። ግን ያቺ ሴት ሕፃኗን አቅፋ ከመኪናህ በሰላም የወረደችው በአንተ አይደለም። በሰው እጅ ነው።

ትናንት ደሊላ ጋ ደወልኩ። ሰገነቱ ላይ ባለው ክፍል ብቻህን እንደምትተኛ፣ ማንም እንዳይቀሰቅስህ ከውስጥ እንደምትቆልፍ፣ ማሰሪያውንም እንዳልተውክ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለእናትህ አልነገርኳትም።

ሆስፒታሉ ለሐሙስ አልጋ ይዞልሃል። ሌሊቱን በአፍንጫ አየር እየነፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያ አለ፤ እሱን ለምደው ወደ ሥራቸው የተመለሱ ሹፌሮች አሉ ብላኛለች ዶክተሯ። ኸሚስም መኪናውን ለሌላ ሰው አይሰጥም። እስክትድን እሱ ይነዳል፣ አንተ ከጎኑ ሆነህ ተሳፋሪ ትጠራለህ።

እኔን ይቅር ካላልከኝም ቤትህ መጥተህ ተቆጣኝ። ቁጣህን እችለዋለሁ። ኸሚስ እዚያው አድሮ ጠዋት ይመለሳል፤ አብረኸው ና። የዛሬዋን ሌሊት ግን፣ ለእኔ ብለህ ባይሆን ለእናትህ ብለህ፣ በሩን አትቆልፈው።

ራድያ