እንትፍ የተባለበት ቦርድ

ውድ አጎቴ ሼህ ኑርሁሴን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ባቲ ግመል ሊገዙ እንደሄዱ ሰምቻለሁ። ግመሉ እስካሁን አለመገዛቱንም ሰምቻለሁ። እኛ ከሚሴዎች ግን የሸሹት ከእኔ ሱቅ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ ግመሉን ይተዉትና ይህችን ደብዳቤ ተቀምጠው ያንብቡ።

ነገሩን ከሥሩ ላስታውስዎ፤ ታሪኩ እርስዎ በሌሉበት እንዳይዛባ። አዲሱን የጥገና ሱቄን ሊመርቁልኝ መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ የእትዬ መሪማ የጆሮ መስሚያ ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል፤ የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል ነገር። ዓመት ሙሉ አንዴ እየሠራ አንዴ እየተዘጋ ሲያስቸግራቸው የከረመ ነው፤ ያን ዕለት ከኃይል ጋር አገናኝቼ እየሞከርኩት ነበር። እትዬ መሪማ ደግሞ ተራ ደንበኛ አይደሉም፤ የኢክላስ እናት ናቸው። ኢክላስን ሊጠይቁልኝ የሽማግሌ አለቃ ሆነው ለመሄድ ቃል የገቡት ደግሞ እርስዎ ነበሩ።

እና እጅዎን ዘረጉ። "አላህ ያግራልህ! እጅህ የነካውን ሁሉ ያድንልህ!" አሉ። "አሚን" አልኩ። ደንባችን ነውና ምርቃቱን በእንትፍታ አተሙት። ጉንጭዎ ውስጥ ጫት ነበር፤ ምርቃቱም አረንጓዴ ሆኖ ወረደ። "ያድንልህ" ያለው አፍ ገና ሳይከደን፣ ከመስሚያው ቦርድ ላይ ቀጭን ጭስ ብድግ አለ።

"ምንድን ነው የሚሸተኝ?" አሉኝ።

"ምርቃትዎ ነው" አልኩ።

ጋቢዎን ሰብስበው ወጡ። በማግስቱ ባቲ ነበሩ።

ወሬው ግን ከእርስዎ ቀድሞ ጨፋ ሮቢት ገበያ ገብቷል። "ሼሁ በዱዓ ማሽን ገደሉ" ተባለ። "ጂን ነበረበት፤ የጨሰው ጂኑ ነው" የሚሉ ደጋፊዎችም አላጡም። ከሁሉ አብልጦ የተደሰተው ቃሲም ነው፤ የኢክላስ ሟች አባት ወንድም። ያለ እሷ የጨርቅ ሱቁን በር መክፈት የማይሆንለት፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር "እናቷ እምቢ አለች" እያለ የሚመልስ እሱ አይደል? ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ "ደህና ተቃጠለ፣ ሲራጅ! በዚህ ዕድሜዋ ምን ልትሰማበት ነው?" አለኝ።

እልህ ያዘኝ። ቦርዱን በአልኮልና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። ጫትዎ ሲለቅ ከሥሩ አንዲት የመዳብ መስመር ተቃጥላ ተበጥሳለች። ከአሮጌ ኢርፎን የመዘዝኳትን፣ ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ እንደ ድልድይ በየድኩባት። ሙሽራ የመሆኔም ነገር የተንጠለጠለው በዚያችው ሽቦ ላይ ነው።

ሽማግሌዎቹ በሚሄዱበት ቀን ጠዋት እትዬ መሪማ መጡ። ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው።

"ይሄ ባጃጅ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?" አሉ። ቀጥለውም፣ "አንተ ደግሞ ስትተነፍስ ታፏጫለህ እንዴ? ልጄ ታውቃለች?"

ከደስታዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን ሻሻቸውን ስበው መስሚያውን ሸፈኑና፣ "መዳኑን ለማንም እንዳትናገር" አሉ። "ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ቃሲም 'ሰላም ሊሉሽ ነው' ይለኛል፤ ሰዎቹ ግን አኩርፈው ይወጣሉ። ለምን እንደሆነ ዛሬ ልስማው።"

በእርስዎ ቦታ ጎረቤታችን ሙህዲን አለቃ ሆኖ ገባ። የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው፤ እኔማ ሱቄ ውስጥ አንዷን ብሎን እየፈታሁ መልሼ ሳስር ነበር የዋልኩት።

ቃሲም፣ እትዬ መሪማ ፊቱ ተቀምጠው፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። "እኔማ ሲራጅን እንደ ልጄ ነው የማየው። ምን ላድርግ፣ እሷ ናት 'ልጄን ለሽቦ ለቃሚ አልድርም' ያለችው። እናንተንም 'ጥርስ አልባዎቹ እንዳይመጡብኝ' ብላለች። ወላሂ አስቸጋሪ ሴት ናት።" ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ ጮኸ፦ "ሰላም ሊሉሽ ነው የመጡት!"

እትዬ መሪማ ሻሻቸውን ቀስ ብለው ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ።

"ነን ደገኤ፣ ቃሲም" አሉ በኦሮምኛ። "ሰምቻለሁ። ከመጮህህ በፊት ያልከውንም ሰምቻለሁ። አስቸጋሪዋ ሴት ይህን ያለችው መቼ ነው?"

ቃሲም የሚቆጥርበትን ሙስበሃ ከእጁ ጣለ። "ተ... ተቃጥሏል አልተባለም እንዴ?"

"ሼህ ኑርሁሴን እንትፍ ያሉበት ነገር ተቃጥሎ ይቀራል?"

ሙህዲን "ሱብሃነላህ!" ብሎ ሳቁን በጋቢው አፈነው። "በሉ ልጅቷ ትጠየቅ" ሲል፣ ከመጋረጃው ጀርባ "እሺ!" የሚል ድምፅ ከጥያቄው ቀደመ። ቃሲም "እናቷ ካለችማ..." ብሎ ተቁለጨለጨ። ለስምምነቱ ፋቲሃ ተቀራ፤ ከሁሉ ጮክ ብሎ "አሚን" ያለው እሱ ነበር።

እንግዲህ አጎቴ፣ ያስቡት። ቦርዱ ባይቃጠልና ወሬው ባይዛመት ቃሲም ምላሱን ይጠብቅ ነበር፤ እኔም ከተመለሱት ጠያቂዎች ጋር እቆጠር ነበር። ምርቃትዎ አልሳተም። ትንሽ ዞር ብሎ ነው የደረሰው።

ይመለሱ። በኒካው ቀን ከእርስዎ በቀር ዱዓ የሚያደርግ የለም፤ እትዬ መሪማም "እሳቸው ሳይመጡ ሠርግ የለም" ብለዋል። ሰዉማ የሞተ ስልኩን ሁሉ ይዞ ሱቄ እየመጣ "ሼሁ መቼ ይገባሉ?" ይለኛል፤ እኔን የሚጠይቅ ጠፋ። ስለዚህ ሱቄን ደግመው ይመርቁልኛል። አንድ ክፍት ቦርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥልዎታለሁ። እንደልብዎ እንትፍ ይበሉበት።

ብቻ፣ ከፈቀዱልኝ፣ አስቀድሜ ከኃይሉ ልንቀለው።

በምራቅዎ የተዳረው
ሲራጅ፣ ከከሚሴ