ዘይቱን ያውቁ ነበር ወይ?

ውድ ልጄ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና የሆነ ሰው እዚያ አይታሰርም። እኔ ወገቤን ይዞኛል እንጂ አለሁ። ይህን ወረቀት ጠበቃህ ትሰጥሃለች። ካንተ በፊት ፖሊሱ ያነበው ይሆናል፤ ያንብብ፣ እሱም አባት አለው።

ሐሙስ ልጠይቅህ ስመጣ አንተ ጫማህን ታያለህ፣ እኔም ያንተን ጫማ አያለሁ፣ ሰዓት አለቀ ተባልን። ስለዚህ ነው የምጽፍልህ። ነገ ቃሌን እንድሰጥ ተጠርቻለሁ፤ ምን እንደምል ግራ ገብቶኛል። ግራ መጋባቴን ለእህትህ እንዳትነግራት፤ ሐኪም ቤት ትወስደኛለች።

የተያዝክ ዕለት ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ አልነገሩህ ይሆናል። መርማሪውን "ልጁን ፍቱትና እኔን እሰሩኝ" አልኩት።

"ለምን?"

"የዘይት ሱቁ ፈቃድ በእኔ ስም ነው። አባቱም ነኝ።"

"አባት፣ ፈቃድ አናስርም። በልጅ ፋንታ መግባትም የለም። ሰው የሚጠየቀው ራሱ በሠራው ነው።"

"ያሳደግኩት እኔ ነኝ እኮ!"

"ማሳደግም ወንጀል አይደለም" ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁን ዋጥ አድርጎ ደግሞ፣ "ለመሆኑ ጋሎኖቹን ማን ነበር የሚከድናቸው?" አለኝ።

"እኔ!" አልኩት ደረቴን ነፍቼ። ወንበር የሰጠኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጠበቃዋ ዘንድ ተመላለስኩ። ልጅ እግር ናት፣ ግን ትዕግሥት አላት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አጣርቶ በሌላ ፋብሪካ ጋሎን ሞልቶ አዲስ ነው ብሎ መሸጥ፣ አንድም ገዢን ማታለል፣ አንድም የሰው የንግድ ምልክት መስረቅ ነው አለችኝ። አንተ የተከሰስክበት እሱ ነው። የእኔ ነገር ገና አልለየም። እጅ ብቻውን አይከሰስም፣ ሐሳብ አብሮት መኖር አለበት አለች። እጄን አየሁት፤ ምንም አላለኝም።

"አባባ፣ ዘይቱ የተቃጠለ መሆኑን ያውቁ ነበር ወይ?"

"ስለ ዘይት እኔን ትጠይቂኛለሽ? ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ሥር የተኛሁ ሰው ነኝ!"

"ስለ ዘይት አይደለም የምጠይቅዎ፤ ስለዚያ ዘይት ነው።"

ነገሩን በሌላ በኩል ዞርኩና፣ "እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን አላውቅም ነበር ብልስ?" አልኳት።

"እሱ አያድንዎትም። ሕግ አላውቅም ማለት ምክንያት አይሆንም።"

"ዘይቱን አላውቅም ብልስ?"

"እውነት ከሆነ እሱ ያድንዎታል።"

"ሕጉን እኮ በዓይኔ አይቼው አላውቅም! ዘይት ግን ጨለማ ውስጥ በጣቴ እለያለሁ። የማላውቀውን ታውቃለህ ተብዬ፣ የማውቀውን አላውቅም ብዬ ልኑር? ይህን ሕግ ማነው የጻፈው?"

"እኔ አይደለሁም፣ አባባ" አለችና ውሃ ቀዳችልኝ።

ልጄ፣ አንተም በእሷ በኩል "አባዬ አላውቅም ይበል፣ ሌላ አይጨምር" ብለህ ልከህብኛል። ልታድነኝ ፈልገህ መሆኑ ገብቶኛል። ግን አናደድከኝ። ጋሎን እንዳጥብልህ የመጣህ ጊዜ "አባዬ፣ እጅህ ታስፈልገኛለች" ነበር ያልከኝ። እናትህ ካረፈች ወዲህ እጄን የፈለገ ሰው አልነበረም፤ ሁሉ ሰው ተቀመጥ፣ እረፍ፣ ጋቢ ልበስ ነው። ደስ ስላለኝ ምንም አልጠየቅኩህም። ጋሎኑ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ወረቀት እንዳትነካው አልከኝ፤ እንዳይላቀቅ ጥላ ሥር አደረቅኩት። አዲስ ክዳን በጆንያ አመጣህ፤ ያልተከፈተ መሆኑን የሚያሳየው የክዳኑ ቀለበት እንዳይበጠስ ጨርቅ አልብሼ በፒንሳ ጠበቅኩት። ያገለገለ ጋሎን ያልተበጠሰ ቀለበት ምን ያደርግለታል? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ጭንቅላት ነበረኝ፤ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ሰው ሰብስቦ "የሌባው አባት መጣ" ቢል፣ "እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው! ሕጉ ነው ያለው!" ብዬ መንገዱን በጩኸት ሞላሁት። ከጠበቃዋ የለቀምኳት ናት። አፉን ዘጋልኝ። ቤቴ ስገባ ግን ያ ሁሉ ወኔ ከዳኝ። ሕጉ እስኪፈረድ ይጠብቅ፤ እኔ አባትህ ነኝ፣ መጠበቅ አቃተኝ።

በማግስቱ ከሱቃችን ዘይት ገዝቶ ሞተሩ የተጣበቀበት ሹፌር መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና፣ "አባባ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም። ክዳኑን አገላብጬ አይቼ ነው የገዛሁት። እንዲህ ተጠንቅቆ የተከደነ ነገር ይዋሻል ብዬ አላሰብኩም" አለኝ። ልጄ፣ ሥራዬን በዚህ ዓይነት ያመሰገነኝ ሰው የለም። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበትም ጊዜ የለም። ሰውየው የተታለለው በአንተ ዘይት ነው ወይስ በእኔ ክዳን? ጠበቃዋንም ጠየቅኳት፤ "ከባድ ጥያቄ ነው" አለችኝ። ለዚህ ነው የተማረችው?

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። አንድ ቀን አንተ ከምትሠራበት መጋረጃ ጀርባ ዘይት ከበርሜሉ ፈስሶ እኔ ወዳለሁበት መጣ። ጠረግኩት። ጣቴ ላይ የቀረውን አሸት አሸት አድርጌ አሸተትኩት። ከዚያ ሄጄ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ተመልሼ መክደኔን ቀጠልኩ። ይኸው ነው። አፍንጫዬ አውቋል። እኔ አውቄያለሁ ወይ? አለማወቅና ማወቅን መፍራት በሕጉ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ማወቅ ሲገባው ያላወቀ ሰውም የሚጠየቅበት ነገር አለ ትላለች፤ ነገር ግን ለሁሉም ወንጀል አይደለም ትላለች። እኔ የትኛው ውስጥ እንደምገባ አልያዝ ብሎኛል።

ስለዚህ ነገ የሳሙናውንም እናገራለሁ። አላውቅም ብዬ በሽምግልናዬ የዘይት ጀማሪ አልሆንም፤ አውቅ ነበር ብዬም ያላየሁትን አልመሰክርም። ምን እንደሚባል እነሱ ስም ያውጡለት። ከለቀቁኝ የሹፌሩን ሞተር አውርጄ እጠግናለሁ፣ እስከ ብሎኑ ድረስ ተስማምተናል። ካልለቀቁኝ ቦታ ያዝልኝ፤ ግድግዳ ዳር ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከእኔ በፊት አንተን ይጠሩሃል አሉ። ልጄ፣ "አባቴ አላወቀም" ብለህ እንዳትጀምር። ከራስህ ጀምር።

አባትህ