ትያትሩን ያመኑት እናት

ወዳጄ ሽብሩ፣

ኮምቦልቻ ላይ በሙቀት ያወለቅሁትን ኮት ደሴ ላይ ከነጋቢው ደርቤ ነው የምጽፍልህ። ልጆቼን አስከትዬ የመጣሁት የልጅ ልጄን ትርሲትን ከትያትር አስወጥቼ ልመልሳት መሆኑን ታውቃለህ። ትናንት ስትተውን አየናት፤ ልጇ የሞተባት እናት ሆና ታለቅሳለች። «ውሸት ነው» ብዬ ስነሳ ሴቷ ልጄ «መሐረብዎን ምን አረጠበው ታዲያ፣ አባባ?» አለችኝ። መሐረቡን ኪሴ ከትቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ደራሽ ዘቅዝቀው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ትርሲትን ያዟት።

«ትናንት አዳራሹ ውስጥ ሰው በዝቶ ልደርስሽ አልቻልኩም። እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ። እኔም ወልጄ ቀብሬያለሁ።»

እኛ አገር ደብረ ብርሃን ቢሆን «እማማ፣ ትያትር እኮ ነው!» ብለን እንስቅ ነበር። ትርሲት ግን ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና «አሜን፣ እርስዎንም ያጽናዎት» አለች። ተቃቅፈው አለቀሱ። ምዕመኑ መንገድ ለቀቀላቸው፤ እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ለወይዘሮ ዘውዲቱና ለዕድርተኞቻችን ሰላምታዬን አድርስልኝ። ነገ እንገባለን። ትርሲት ግን አትመጣም፤ ቅሪ ያልኳት እኔ ነኝ።

ታደገ