አባባና የእስያ ሥዕሎች

ዲላ፣ ጥር 14 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ወልደዮሐንስ። የአስመራ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ሥራስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። የይርጋጨፌ መንገድ በቡና መኪና ተጨናንቋል።

እሑድ ህንዳዊው አስተማሪያችን ሚስተር ቫርጊስ፣ አባባ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ መሆናቸውን ሰምተው፣ የእስያን ሥዕል ታሪክ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ይዘው እቤት መጡ። ጋሼ፣ እንዴት ያለ ጉድ መሰለህ! በህንድ ዋሻ ግድግዳ ላይ የተሣለው ቡድሃ ከነጋዴና ከመነኩሴ ጋር ቻይና ሲገባ ፊቱ ቻይናዊ ሆነ፤ ጃፓን ሲደርስ ደግሞ ጃፓናዊ። ቻይናዎቹ በጥቁር ቀለም ብቻ ተራራና ጭጋግ ይሥላሉ። ጭጋጉ ብሩሽ ያልነካው ወረቀት ነው!

አባባ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ "አንቺ እያየሽ ንገሪኝ፣ እኔ ልስማ" አሉኝ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጭጋጉ ጋ ስደርስ ገጹን በጣታቸው ዳሰሱና፣ "ባዶውን ለመተው እንዴት ያለ ልብ ይጠይቃል! ትልቅ ሠዓሊ ነው" አሉ። ሚስተር ቫርጊስ የአባባን ዓይኖች አይተው ወደ እኔ ዞሩ፤ መጽሐፉንም ትተውልን ሄዱ።

አባባ ለገደብ ከተማ ቤተ ክርስቲያን የጀመሩት የማርያም ሥዕል አልቋል። አባባ "እጅሽ ይልመድ" ስላሉኝ ፊቷን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ካህናቱ "የአባትሽ እጅ ዘንድሮ ደግሞ ይበልጥ አማረ!" ብለው አደነቁ፤ እኛም ምስጋናቸውን ተቀበልን።

ለፋሲካ እንደምንም ፈቃድ ጠይቀህ ና። ያሳደገን አምላክ በሰላም ያገናኘን። ስትመጣ ታዲያ ገና ከደጅ ድምፅህን አሰማ፤ አባባ እንደሱ ደስ ይላቸዋል።

እህትህ አሰገደች