ልጅቷ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች?

ውላንዬ፣

ከባዱን የጃፓንኛ ፈተና ዛሬ እዚህ ናጎያ ከተማ ተፈተንኩልሽ። አገራችን ማላንግ እያለሁ እናንተ ቤት ስናጠና አውራ ዶሮአችሁ እየጮኸ ስንቱን ጥያቄ አስመለጠን! እዚህ ትንፋሽ እንኳ ይሰማል። በማዳመጡ ክፍል እናት ሥራ ቦታ ላለችው ልጇ ደውላ "መቼ ነው የምትመጪው?" አለቻት። ጥያቄው "ልጅቷ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች?" የሚል ነው።

ስንወጣ የአገራችን ልጅ ባግዮ ያዘኝ።

"ምን መለስሽ?"

"ወደ ቤቷ ትሄዳለች።"

"አንቺ ጅል! 'ሥራዬን ሳልጨርስ አልመጣም' ስትል አልሰማሽም? አምና በሁለት ነጥብ ወድቀሽ!"

ሰምቻለሁ ውላን፤ ትክክለኛውንም መልስ አውቄው ነበር። እጄ ግን "ሥራዋን ትጨርሳለች" የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ እምቢ አለኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ዶሮውን እስክመጣ እንዳታርዱብኝ።

ታሪ