ሦስት ምድጃ፣ አንድ የጭስ መውጫ

…የእኛ ምድጃ እንዳልተለኮሰ አሁንም እምላለሁ፤ አመዱ ቀዝቃዛ ነበር፣ በእጄ ነክቼዋለሁ። ጨቅላ ልጃችን ግን አታለቅስም ነበር። ለካ ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ።

ለተከበሩ የኪራይ ቤቶቻችን ጥገና ኃላፊ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሳንባዎ ሰፊ፣ ዓይንዎ ደረቅ፣ ቤትዎም ጭስ የማያውቀው ይሁን እያልኩ፣ ከሞጣ፣ ከሚያውቁት መደዳ ቤት እጅ እነሳለሁ።

አንደኛ፤ ጎን ለጎን ለተጣበቁት ሦስት ማድቤቶች አንድ ቱቦ ስላወጡልን እናመሰግናለን። ጎረቤት ሲለኩስ ጭሱ ሽቅብ መሄዱን ይተውና ባልተለኮሰው ምድጃችን አፍ በኩል ወደ እኛ ይመጣል። ማድቤቱን ከመኝታችን የሚለየው መጋረጃ ነው። ባለቤቴ ስርጉት የሃያ አንድ ቀን አራስ ናት፤ የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነውና እስከዚያ ከቤት አትወጣም። ጭሱ ሲገባ የምትሸሽበት የላትም።

ሁለተኛ፤ «በተራ አንድዱ» ብለው ስለ መከሩን። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገቡ። የግራ ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ሐና እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይጾማሉ፤ የቀኟ ወይዘሮ ሙኒያ እስከ መግሪብ። ምክርዎን አክብረው በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በእኛ ግድግዳ አሻግረው ይገባበዛሉ።

«አንቺ ቅደሚ ልጄ፣ ፀሐይዋ ጥላሽ ትገባለች።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ እትዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሱ።»

«አንቺስ መቼ ቀመስሽ!»

ሲገባበዙ ሰዓቱ ያልቃል፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይለኩሳሉ። ቱቦው እንዲህ ያለ ጨዋነት አልተማረም።

ሦስተኛ፤ ባለሙያ ስለላኩልን። የመጣው ረፋድ ላይ ነው። በጾም፣ በረፋድ የሚነድ ምድጃ የለም፤ የእኛም ከወሊዱ ወዲህ አልነደደም፣ የአራሷ ገንፎ የሚመጣው ከእህቷ ቤት ነው። «ጭስ አልታየም» ብሎ ፈርሞ ሄደ።

አራተኛ፤ የምድጃችንን አፍ በጭቃ ብመርገው፣ ያለ ፈቃድ ቤት ለውጠሃል የሚል ማስጠንቀቂያ በሁለት ቀን ደረሰኝ። የአቤቱታችን መልስ ሦስት ወር ፈጅቶ ነበርና ፍጥነትዎ አስደስቶኛል። ጭቃውን አፈረስኩት። በገዛ እጄ።

ባፈረስኩት ማግስት፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ ስመለስ ስርጉት ራሷን አሟት ጋደም ብላ ነበር። ልጅቷ አጠገቧ ዝም ብላለች። ከንፈሯ… ብቻ አንስቼ ፊቷ ላይ እፍ አልኩባት። እፍ አልኩባት። አስነጠሰች። ከዚያ ወዲህ በተኛች ቁጥር ጆሮዬን አፍንጫዋ ሥር እደቅናለሁ።

የምንለምነው ሁለት ተጨማሪ ቱቦ ነው፤ ለየምድጃው የየራሱ።

በቸርነትዎ ዓይኑ እንባ ያልተለየው፣ የጎረቤቱን እሳት ሳይሞቅ ጭሱን የሚካፈለው፣ ታዛዥ ተከራይዎ፣
የኔሰው ስጦታው

ማስታወሻ፤ ይህን ስጨርስ አሥር ሰዓት አልፏል። ከግድግዳው ማዶ መገባበዙ አበቃ፤ ክብሪት ተጫረ፣ ከግራም ከቀኝም። አገልግሎትዎ እንደ ወትሮው በሰዓቱ ደርሶናል። ስርጉት ልጅቷን በጋቢ ጠቅልላ ተነሥታለች። ለክርስትናው ገና ሃምሳ ዘጠኝ ቀን ይቀራል። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።